ካርዱን የማያውቀው ጫኝ፦ የኔትወርክ ድራይቨርን በሥርዓተ ክወና ማስነሻ ዲስክ ውስጥ ስለ ማካተት

ለአንድ የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ አርባ አዳዲስ ማሽኖች ተገዝተው መጡ እንበል። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፍላሽ ይዞ ከማሽን ወደ ማሽን ከመዞር ይልቅ ሁሉንም በኔትወርክ ለመጫን ወሰነ። የመጀመሪያው ማሽን ሲበራ ከሰርቨሩ አድራሻ ተቀበለ፤ የጫኙን ከርነል በዚያው ገመድ አወረደ፤ የመጫኛውም ገጽ ተከፈተ። ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ግን ጫኙ «ምንም የኔትወርክ ካርድ አልተገኘም» ብሎ ቆመ። ከርነሉ ራሱ የመጣው በዚያው ካርድ በኩል ነው። ታዲያ ካርዱ በመካከሉ የት ሄደ?

የኔትወርክ ድራይቨርን በማስነሻ ዲስክ ላይ ስለ መጨመር የሚሰጡ መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህን ጥያቄ ሳያነሡ በቀጥታ ወደ ትእዛዞቹ ይገባሉ። ትእዛዞቹ ትክክል ሆነው ሳለ ሥራው ሳይሳካ ሲቀር ምክንያቱን ማወቅ የሚያስቸግረው በዚህ የተነሣ ነው። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሐሳብ አጭር ነው። የማብሪያው ቁልፍ ከተነካበት ጊዜ አንሥቶ ጭነቱ እስኪፈጸም ድረስ አንዱን ካርድ ሦስት የተለያዩ ሶፍትዌሮች በየተራ ይገዙታል፤ አንዱም ከቀዳሚው ድራይቨር አይወርስም። ስለሆነም «ድራይቨር እንጨምር» ከማለት በፊት «ለየትኛው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ምሳሌዎቹ በዋናነት የተወሰዱት ከዴቢያን ሊኑክስና ከማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ነው።

ሦስቱ ገዢዎች

የመጀመሪያው ገዢ በማዘርቦርዱ ወይም በካርዱ ላይ የሚገኘው ፊርምዌር ነው። ኢንቴል 2.1ኛ እትሙን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው፣ ፒኤክስኢ በተባለው ደንብ መሠረት ፊርምዌሩ በመጀመሪያ በዲኤችሲፒ አማካይነት የአይፒ አድራሻና የማስነሻ ፋይሉን ስም ይጠይቃል፤ ቀጥሎም ፋይሉን ቲኤፍቲፒ በተባለው ቀላል የፋይል ማስተላለፊያ ያወርዳል። ይህን ለመፈጸም የሚጠቀምበት ድራይቨር የሃርድዌሩ አምራች በፊርምዌሩ ውስጥ ያኖረው ነው። ካርዱ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን በዚህ ደረጃ ብዙውን ጊዜ ያለ ችግር ይሠራል፤ ካርዱና ድራይቨሩ አብረው የተሰናዱ ናቸውና።

ይህ ድራይቨር ግን የተጻፈው ለአጭር ጊዜ አገልግሎት ነው። በዩኢኤፍአይ ማሽኖች ላይ የሥርዓተ ክወናው አስነሺ ሥልጣኑን ሙሉ በሙሉ ሲረከብ የማስነሻ አገልግሎቶችን የሚያበቃውን ጥሪ ያደርጋል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የፊርምዌሩ የኔትወርክ ድራይቨር አገልግሎት አይሰጥም፤ ይዞት የነበረውም ማህደረ ትውስታ ለከርነሉ ይለቀቃል። ከርነሉ በድልድዩ ላይ ተሻግሮ ሲያበቃ ድልድዩ ከኋላው እንደ ፈረሰ ያህል ነው። ካርዱን እንደ አዲስ መፈለግ፣ እንደ አዲስ መለየትና እንደ አዲስ ማንቀሳቀስ ይኖርበታል። በመግቢያው የተነሣው እንቆቅልሽ መልሱ ይህ ነው፤ ካርዱ የትም አልሄደም፤ የሄደው የሚያውቀው ሶፍትዌር ነው።

ሁለተኛው ገዢ የጫኙ ከርነል ነው። ማስነሻ ዲስክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የፋይሎች መያዣ አድርጎ ነው፤ በእውነቱ ግን ራሱን የቻለ ትንሽ ሥርዓተ ክወና ነው። በዴቢያን ዘንድ አንድ ከርነልና ኢኒትአርዲ የተባለ የተጨመቀ የፋይል ጥቅል ነው፤ በዊንዶውስ ዘንድ ደግሞ ዊንዶውስ ፒኢ የተባለው አነስተኛ ዊንዶውስ ነው። ሁለቱም የሚዘረጉት በማህደረ ትውስታ ላይ ነው፤ የሚያውቁትም ሃርድዌር ዲስኩ እስከ ተዘጋጀበት ቀን ድረስ ድራይቨር የተጻፈለትን ብቻ ነው። ሦስተኛው ገዢ ጭነቱ አልቆ ማሽኑ ዳግመኛ ሲነሣ ሥራውን የሚረከበው፣ በማሽኑ ሃርድ ዲስክ ላይ የተጻፈው ከርነል ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው አንዳንዴ አንድ ዓይነት እትም ይሆናሉ፤ መሆናቸው ግን የግድ አይደለም።

ከርነል ካርድን እንዴት ይለያል?

በፒሲአይ መስመር ላይ የተሰካ እያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት ባለ 16 ቢት ቁጥሮችን ይይዛል፤ አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የመሣሪያው መለያ ነው። በአሥራ ስድስት ቤት አጻጻፍ የኢንቴል የአምራች ቁጥር 8086፣ የሪልቴክ 10ኢሲ ነው። እያንዳንዱ የሊኑክስ ሞጁል ሊያገለግላቸው የሚችሉትን መሣሪያዎች ቁጥር በውስጡ ይዘረዝራል። ዴፕሞድ የተባለው ፕሮግራም እነዚህን ዝርዝሮች ሰብስቦ በአንድ ሠንጠረዥ ያሰፍራቸዋል። ከርነሉ አዲስ መሣሪያ ሲያገኝ ቁጥሩን ያስታውቃል፤ ቁጥሩ በሠንጠረዡ ላይ ካለ ተገቢው ሞጁል ይጫናል፤ ከሌለ መሣሪያው ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። የዊንዶውስ አሠራርም በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው፤ ዝርዝሩ የሚገኘው ግን ኢንፍ በተባለው የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነው።

አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንመልከት። የሪልቴክ አርቲኤል8125 በሴኮንድ 2.5 ጊጋ ቢት የሚያስተላልፍ ቺፕ ሲሆን በብዙ የዴስክቶፕ ማዘርቦርዶች ላይ ይገኛል። የመሣሪያ ቁጥሩ 8125 ነው። የሊኑክስ ከርነል ይህን ቺፕ የተቀበለው አር8169 በተባለው ነባር ሞጁል ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 በወጣው 5.4ኛ እትሙ ነው። ዴቢያን 10 ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በጁላይ 2019 የወጣ ሲሆን ከርነሉ 4.19 ነው። ስለዚህ የዴቢያን 10 ጫኝ አር8169 የተባለውን ሞጁል ይዞም ካርዱን አያውቀውም። የሞጁሉ ስም አለ፤ ቁጥሩ ግን በሠንጠረዡ ላይ የለም። «ሞጁሉ እኮ በዲስኩ ላይ አለ» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩን ብቻ ለሞጁሉ ብንነግረውስ? ሊኑክስ ይህን በእርግጥ ይፈቅዳል፤ ከርነሉ እየሠራ ሳለ ለአንድ ሞጁል ተጨማሪ የመሣሪያ ቁጥር መስጠት ይቻላል። ዘዴው የሚጠቅመው ግን አዲሱ ቺፕ ከቀደመው የሚለየው በቁጥሩ ብቻ ሲሆን ነው። 8125 የኢንተራፕት ሬጅስተሮቹ ሳይቀሩ ከቀደሙት ቺፖች የተለዩ ስለሆኑ በዚህ መንገድ ሊሠራ አይችልም።

መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት

ጫኙ «ካርድ የለም» ወይም «አድራሻ ማግኘት አልተቻለም» ሲል ከበስተጀርባው ቢያንስ አራት የተለያዩ ሁኔታዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ድራይቨር መጨመር የሚፈውሰው ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው። የተሳሳተ ምርመራ የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም፤ የማያስፈልግ ሞጁል በመገንባት ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ።

በዴቢያን ጫኝ ላይ አልትና ኤፍ2 በአንድነት ሲጫኑ የትእዛዝ መስኮት ይከፈታል፤ በአልትና ኤፍ4 ደግሞ የከርነሉ መልእክቶች ይነበባሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ካርዱ በፒሲአይ መሣሪያዎች ዝርዝር ላይ ይታያል ወይ የሚለው ነው። ካልታየ ወይ በባዮስ ቅንብር ላይ ተዘግቷል፣ ወይም ሃርድዌሩ ተበላሽቷል፤ ድራይቨር የሚረዳው ነገር የለም። ካርዱ ከታየና ምንም ሞጁል ካልያዘው የዚህ ጽሑፍ ርእስ የሆነው ችግር ያጋጠመው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱን የመለያ ቁጥሮች በጥንቃቄ መዝግቦ መያዝ ይገባል፤ በካርቶኑ ላይ የታተመው የካርዱ የንግድ ስም ለዚህ ሥራ አስተማማኝ አይደለም፤ አምራቾች በአንድ ስም ሥር የተለያዩ ቺፖችን የሚሸጡበት ጊዜ አለና።

ሦስተኛው ሁኔታ ሞጁሉ ካርዱን ይዞ ሳለ ፊርምዌር ሲያጣ ነው። አንዳንድ ካርዶች የራሳቸው ትንሽ ፕሮሰሰር አላቸው፤ የሚያስፈጽሙትን ፕሮግራም ደግሞ በተነሡ ቁጥር ከሥርዓተ ክወናው ይቀበላሉ። በበርካታ ሰርቨሮች ላይ ይገኝ የነበረው የብሮድኮም ኔትኤክስትሪም ሁለት ቤተሰብ፣ እንዲሁም የኢንቴል ገመድ አልባ ካርዶች ያለዚህ ፋይል አይሠሩም። የፋይሎቹ ፈቃድ ነጻ ባለመሆኑ ዴቢያን ለብዙ ዓመታት ከመደበኛው የመጫኛ ዲስክ ውጪ አድርጓቸው ነበር። አባላቱ እ.ኤ.አ. በ2022 በሰጡት ድምፅ ይህ አቋም ተለውጦ፣ በጁን 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ፊርምዌሮቹን በመደበኛው ዲስክ ውስጥ አካትቷል። በቀደሙት እትሞች ግን ጫኙ ፋይሉን በስሙ ጠርቶ ይጠይቃል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ ለብዙዎቹ የሪልቴክ ባለ ገመድ ካርዶች የሚቀርበው ተመሳሳይ ጥያቄ ሁልጊዜ የችግር ምልክት አይደለም። ካርዱ ያለ ፊርምዌሩም ሊሠራ ስለሚችል «አይሆንም» ብሎ ማለፍና ውጤቱን ማየት ይሻላል።

አራተኛው ሁኔታ ከሁሉም ይልቅ አሳሳች ነው። ሞጁሉ ተጭኗል፣ ፊርምዌሩ አለ፣ ካርዱም መስመር ላይ ነው፤ ሆኖም አድራሻ አይገኝም። ከርነሉ ካርዱን እንደ አዲስ ሲያስነሣው በስዊቹ በኩል መስመሩ ለአፍታ ተቋርጦ እንደ ተመለሰ ይታያል። ስዊቹ የስፓኒንግ ትሪን ደንብ በቀድሞው አሠራር የሚከተል ከሆነ፣ ወደቡ ዑደት አለመፈጠሩን እስኪያረጋግጥ ድረስ 15 ሴኮንድ በማዳመጥ፣ ሌላ 15 ሴኮንድ በመማር ያሳልፋል። በእነዚህ 30 ሴኮንዶች ውስጥ የሚላክ የአድራሻ ጥያቄ ሁሉ ከወደቡ አያልፍም፤ ጫኙም የትእግሥቱ ጊዜ አልቆ ተስፋ ይቆርጣል። ከውጭ ሲታይ ነገሩ ቁርጥ የድራይቨር ጉድለት ይመስላል። መፍትሔው ግን በስዊቹ ላይ ወደቡ የተጠቃሚ ማሽን ወደብ መሆኑን ማሳወቅ፣ አለዚያም የጫኙን የመጠበቂያ ጊዜ ማራዘም ነው። አንድ ደቂቃ ጠብቆ ጥያቄውን መድገም በቂ ምርመራ ነው፤ በሁለተኛው ሙከራ አድራሻ ከተገኘ ድራይቨሩን መውቀስ አይገባም።

በዴቢያን ማስነሻ ላይ

ምርመራው በእርግጥም ሞጁል እንደሚያስፈልግ ካሳየ ቀጣዩ ጥያቄ ሞጁሉ ለየትኛው ከርነል ይገንባ የሚለው ነው። የተለመደው ስሕተት ተመራማሪው በራሱ ላፕቶፕ ላይ ገንብቶት፣ በላፕቶፑም ላይ መሥራቱን አረጋግጦ ወደ ዲስኩ መቅዳቱ ነው። የሊኑክስ ከርነል በውስጡ ለሚሠሩ ሞጁሎች የማይለወጥ መገናኛ ለመጠበቅ ቃል አይገባም። እያንዳንዱ ሞጁል የተገነባበትን ከርነል የሚገልጽ መለያ ጽሑፍ በውስጡ አለ። ዴቢያን እንደሚያደርገው ከርነሉ የምልክቶች ቁጥጥር ያለበት ከሆነ ደግሞ፣ ሞጁሉ የሚጠራቸው የከርነል ተግባራት እያንዳንዳቸው ባላቸው የማረጋገጫ ቁጥር ይመሳከራሉ። ካልተስማሙ ከርነሉ ሞጁሉን አይቀበልም። በመሆኑም በጫኙ መስኮት ላይ የከርነሉን ሙሉ ስም ማንበብ፣ ለምሳሌ በመጀመሪያው የዴቢያን 10 እትም 4.19.0-5 የሚለውን፣ ከዚያም የዚያኑ እትም የሄደር ፋይሎች በሌላ ማሽን ላይ ጭኖ ሞጁሉን በእነርሱ መገንባት ያስፈልጋል። ለአርቲኤል8125 ሪልቴክ ራሱ አር8125 በሚል ስም የምንጭ ኮዱን አውጥቷል።

የተገነባውን ሞጁል ወደ ኢኒትአርዲ የማስገባቱ ሥራ ከሚጠበቀው በላይ ቀላል ነው። ብዙ መመሪያዎች ጥቅሉን ፈትቶ፣ ፋይሉን ጨምሮ፣ እንደገና ማሰርን ያስተምራሉ። ይህ አስፈላጊ አይደለም። ከርነሉ በተከታታይ የተደረደሩ ብዙ የሲፒአይኦ ጥቅሎችን አንድ በአንድ እየፈታ በአንድ ሥር ሥርዓት ላይ ያነባብራቸዋል፤ የኋለኛው ጥቅል ከቀደመው ጋር አንድ ስም ያለው ፋይል ከያዘ የኋለኛው ይተካዋል። ስለዚህ ሞጁሉን ብቻ የያዘ ትንሽ ጥቅል ሠርቶ፣ ጨምቆ፣ ከዋናው ጥቅል ጫፍ ላይ መቀጠል ይበቃል። እንዲያውም ግሩብም ሆነ አይፒኤክስኢ ከአንድ በላይ ኢኒትአርዲ መጫን ስለሚችሉ ሁለቱን ፋይሎች ማገናኘት እንኳ አያስፈልግም። ለኔ እንደሚመስለኝ ይህ መንገድ ከቅለቱ ይልቅ የሚመረጥበት ሌላ ምክንያት አለው፤ ዋናው ፋይል ሳይነካ ስለሚቆይ ዴቢያን ባወጣው የማረጋገጫ ድምር በማንኛውም ጊዜ ሊመሳከር ይችላል። የእኛ ጭማሪ የትኛው እንደሆነ፣ የእነርሱ የትኛው እንደሆነ አይደበላለቅም።

ሞጁሉን ማስቀመጥ ብቻውን ግን ካርዱን አያስነሣውም። ከላይ እንደተገለጸው ከርነሉ የሚፈልገው በሠንጠረዡ በኩል ነው፤ በዋናው ጥቅል ውስጥ ያለው ሠንጠረዥ ደግሞ ስለ አዲሱ ሞጁል ምንም አያውቅም። ሁለቱ ጥቅሎች በአንድ ጊዜያዊ ፎልደር ላይ ተነባብረው ሲፈቱ የጫኙን የከርነል ስም እየሰጡ ዴፕሞድን ማስኬድ፣ የወጡትንም አዳዲስ ሠንጠረዦች ከሞጁሉ ጋር በትንሹ ጥቅል ውስጥ ማካተት ይገባል። ይህ እርምጃ ከተዘለለ ሞጁሉን በእጅ በትእዛዝ መጫን ይቻላል፤ ለአንድ ማሽን ይበቃል፤ ለአርባ ማሽን ግን ፍላሽ ይዞ ከመዞር አይለይም።

እዚህ ድረስ የተሠራው ሁሉ ለሁለተኛው ገዢ ነው። ጭነቱ ተጠናቆ ማሽኑ ሲነሣ ሦስተኛው ገዢ ካርዱን እንደ ገና አያውቀውም። የዴቢያን ጫኝ በመልስ ፋይሉ ውስጥ ከጭነቱ ፍጻሜ በፊት የሚፈጸም ትእዛዝ መቀበል ይችላል፤ ሞጁሉ ወደ አዲሱ ሥርዓት የሚሻገረው በዚያ በኩል ነው። የተገነባውን ፋይል ብቻ መቅዳት ግን የዘገየ አደጋ ያስከትላል። ማሽኖቹ ለወራት በሰላም ይሠራሉ፤ ከዚያ አንድ የደኅንነት ማሻሻያ አዲስ ከርነል ያመጣል፤ በማግሥቱ አርባውም ማሽኖች ከኔትወርኩ ይሰወራሉ፤ በርቀት ሊጠገኑም አይችሉም። የሠራው ሰው ከተቋሙ ከሄደ በኋላ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን የሚያስታውስ አይኖርም። ዲኬኤምኤስ የተባለው መሣሪያ የምንጭ ኮዱን ይዞ አዲስ ከርነል በመጣ ቁጥር ሞጁሉን እንደገና ይገነባል። ለዚህ አጠናቃሪና የሄደር ፋይሎች በማሽኑ ላይ እንዲኖሩ ይፈልጋል፤ ጥቂት ቦታ ይወስዳል፤ ዋጋው ግን ከአደጋው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በሬድ ሃት ቤተሰብ ሥርዓቶች ይህ ሁሉ የታሰበበት መንገድ አለው። ጫኙ ኦኢኤምዲአርቪ የሚል ስያሜ የተሰጠው ዲስክ ወይም ፍላሽ ካገኘ በላዩ ያሉትን የድራይቨር ጥቅሎች በራሱ አንብቦ ይጭናቸዋል።

በዊንዶውስ ማስነሻ ላይ

በዊንዶውስ ዘንድ የሁለተኛውና የሦስተኛው ገዢ ልዩነት በፋይሎቹ ላይ በግልጽ ይታያል። በመጫኛው ዲስክ ውስጥ ቡት.ዊም እና ኢንስቶል.ዊም የተባሉ ሁለት ፋይሎች አሉ። የመጀመሪያው ማሽኑን የሚያስነሣው ዊንዶውስ ፒኢ ነው፤ ሁለተኛው በሃርድ ዲስኩ ላይ የሚዘረጋው ሥርዓት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ቡት.ዊም ራሱ ሁለት ኢሜጆች መያዙ ነው፤ 1ኛው ተራ ፒኢ ሲሆን የመጫኛውን ፕሮግራም ይዞ ከዲስኩ የሚነሣው 2ኛው ነው። ድራይቨሩን በ1ኛው ላይ ብቻ የጨመረ ሰው ሥራው ያለ ስሕተት መጠናቀቁን የሚገልጽ መልእክት ያያል፤ ዲስኩ ሲነሣ ግን ምንም የተለወጠ ነገር አይኖርም።

ሥራው የሚከናወነው ዲዝም በተባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ ነው። ኢሜጁ በአንድ ባዶ ፎልደር ላይ ይከፈታል፤ ድራይቨሩ ይጨመራል፤ ለውጡ ጸንቶ ይዘጋል። ዲዝም የሚቀበለው በኢንፍ ፋይል የሚገለጽ ድራይቨርን ብቻ ነው፤ አምራቾች በራሱ በሚጫን ፕሮግራም መልክ የሚያድሉትን ጥቅል መጀመሪያ መፍታት ያስፈልጋል። ባለ 64 ቢት ፒኢ ባለ 64 ቢት ድራይቨር ይፈልጋል። ከአንድ አምራች የወረደ ጥቅል በውስጡ ለብዙ የዊንዶውስ እትሞች የተዘጋጁ ፎልደሮች ሊኖሩት ስለሚችል ሁሉንም በጅምላ ማስገባት ፒኢውን ያሳብጠዋል፤ ፒኢ በሙሉ በማህደረ ትውስታ ላይ የሚኖር መሆኑም አይዘነጋም። ከማካተት በፊት ለመሞከር የሚያስችል ቀላል መንገድ አለ። በሚሠራ ፒኢ ውስጥ ድርቭሎድ የተባለው ትእዛዝ ድራይቨሩን ከፍላሽ ላይ በቀጥታ ይጭነዋል። በዚህ መንገድ ያልሠራ ድራይቨር በኢሜጁ ውስጥ ቢገባም አይሠራም።

መጫኛው ከፍላሽ ከሆነ ፒኢው ኔትወርክ ላያስፈልገው ይችላል፤ ኢንስቶል.ዊም በዚያው ፍላሽ ላይ ነውና። ይሁን እንጂ የሦስተኛው ገዢ ጉዳይ በዊንዶውስ 11 ላይ አሳሳቢ ሆኗል። የሆም እትም፣ ከ22ኤች2 ጀምሮም ለግል አገልግሎት የሚዋቀረው የፕሮ እትም፣ በመጀመሪያው ማዋቀር ጊዜ የኢንተርኔት ግንኙነት ይጠይቃል። ያ ገጽ የሚሠራው በተጫነው ሥርዓት ውስጥ እንጂ በፒኢ ውስጥ ስላልሆነ ለቡት.ዊም የተጨመረ ድራይቨር ብቻውን በቂ መተማመኛ አይደለም፤ በኢንስቶል.ዊም ውስጥ፣ ያውም በሚጫነው እትም ኢሜጅ ላይ መገኘት አለበት።

ፊርማና እምነት

ድራይቨር በከርነሉ ሥልጣን የሚሠራ ኮድ ነው። በማስነሻ ዲስክ ላይ የተጨመረ ድራይቨር ዲስኩ የሚነካቸውን ማሽኖች ሁሉ፣ ገና ጸረ ቫይረስም ሆነ የተጠቃሚ ስም ሳይኖራቸው፣ በሙሉ ሥልጣን ያገኛቸዋል። «ለሁሉም ካርድ የሚሆን» ተብለው ከማይታወቅ ምንጭ የሚታደሉ የድራይቨር ስብስቦችን በዚህ ዓይን መመልከት ያስፈልጋል። ፊርማ መኖሩም ብቻውን መተማመኛ አይሆንም፤ በትክክል የተፈረሙ ነገር ግን ቀዳዳ ያለባቸው አሮጌ ድራይቨሮች ለጥቃት ስለሚውሉ ማይክሮሶፍት የሚታገዱ ድራይቨሮችን ዝርዝር ለመያዝ ተገዷል። ምንጩ የካርዱ አምራች ወይም የሥርዓተ ክወናው አዘጋጅ ካልሆነ ድራይቨሩን በተቋም ዲስክ ላይ ማስገባት አይገባም የሚል አቋም አለኝ፤ ችኮላው ምንም ያህል ቢሆን።

ፊርማ የሥራውን ሂደትም ይነካል። በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ዲዝም ያልተፈረመ ድራይቨርን በልዩ ትእዛዝ ተገድዶ ሊያስገባ ይችላል፤ ከርነሉ ግን ሲነሣ አይቀበለውም። ዴቢያንም ከ10ኛ እትሙ ጀምሮ ሴኩር ቡትን ስለሚደግፍ፣ ይህ ጥበቃ በበራበት ማሽን ላይ በቤት የተገነባ ሞጁል ፊርማ የለውም ተብሎ ይመለሳል። የራስን ቁልፍ በማሽኑ ላይ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ምዝገባው ግን በእያንዳንዱ ማሽን ፊት ቆሞ ማረጋገጥን ይጠይቃል። ጥበቃውን ማጥፋትም እንዲሁ። የኔትወርክ ጭነት ያስቀረዋል የተባለው ዙረት በዚህ በኩል ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው፤ ዕቅዱ ሲነደፍ ይህ መታሰብ አለበት።

ባይጨመርስ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንግዳ ቢመስልም፣ ሞጁል መጨመር በብዙ አጋጣሚ የመጨረሻ አማራጭ ሊሆን ይገባል። በዴቢያን 10 ላይ አርቲኤል8125ን ለማስነሣት የሚደክም ሰው፣ 5.10 ከርነል ይዞ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 የወጣውን ዴቢያን 11 ቢጠቀም ካርዱ ያለ ምንም ጭማሪ ይታወቅለታል። በአሮጌው እትም ላይ የሚያቆይ በቂ ምክንያት፣ ለምሳሌ በዚያ እትም ላይ ብቻ የሚሠራ የምርምር ሶፍትዌር፣ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል።

ማሽኑ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የሚቀለው ከርነሉ የሚያውቀውን የዩኤስቢ ኔትወርክ አስማሚ ሰክቶ መጫን፣ ከዚያም የዋናውን ካርድ ድራይቨር በተጫነው ሥርዓት ላይ በእርጋታ ማስተካከል ነው። አስማሚ ከሌለ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ዳታ ማጋራት በብዙ ጫኞች ላይ እንደ ኔትወርክ ካርድ ይታያል። በእኛ አገር ሁኔታ ግን ይህ የሚመከረው ድራይቨሩን ወይም ሄደሩን ለማውረድ ያህል ነው፤ ሙሉ ጭነትን በስልክ ጥቅል ማውረድ ወጪው ብዙ ነው። የጥቅሎቹን ቅጂ በግቢው ሰርቨር ላይ አስቀምጦ ማውረዱን አንድ ጊዜ ብቻ መፈጸም የተሻለ ነው። ቅጂው በታደሰ ቁጥር የኔትወርክ ማስነሻ ፋይሎቹም አብረው መታደስ አለባቸው፤ የጫኙ ከርነልና በሰርቨሩ ላይ ያሉት የሞጁል ጥቅሎች እትማቸው ከተለያየ ጫኙ ተስማሚ የከርነል ሞጁል አጣሁ ብሎ ይቆማል። ይህም ከውጭ ሲታይ የድራይቨር ችግር የሚመስል፣ ነገር ግን ያልሆነ ሌላ አጋጣሚ ነው።

ጭማሪው አይቀሬ ሆኖ ከተሠራ፣ ዲስኩን በቨርቹዋል ማሽን ላይ መሞከር መነሣቱን ብቻ ያሳያል፤ ቨርቹዋል ማሽኑ የሚያቀርበው ካርድ ጥያቄ ያስነሣው ካርድ አይደለምና። ፈተናው በእውነተኛው ማሽን ላይ ሦስት ጊዜ መደረግ ይኖርበታል፤ ከሙሉ መጥፋት በኋላ በኔትወርክ ሲነሣ፣ ጭነቱ አልቆ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ሲነሣ፣ እንዲሁም አዲስ ከርነል ከተጫነለት በኋላ። ከዲስኩ ጋር የጫኙ ከርነል ሙሉ ስም፣ የካርዱ ሁለት መለያ ቁጥሮች፣ የድራይቨሩ እትምና የወረደበት ምንጭ፣ የዋናው ፋይል የማረጋገጫ ድምር በአንድ ገጽ ተጽፈው ይቀመጡ። ሦስተኛው ፈተና ጊዜ ስለሚጠይቅ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ አርባው ማሽኖች በአንድ ሌሊት ከኔትወርክ የሚጠፉት ግን በእርሱ በኩል ነው።